ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ያዘመመው መኪና

ይህ የደረሰው በእኔው ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም።

ከስር ኮሜንት ላይ «ፈጠራ ነው» ልትሉ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ውጡ። ከእናንተ ጋር የምከራከርበት ጉልበት የለኝም። ማየት የፈለገ ጅማ ይምጣ። ጊንጆ ሰፈር ገብቶ «የባሌስትራ ሰራተኛው ሀምዳን» ብሎ ይጠይቅ። ማንኛውም ባጃጅ ያደርሰዋል።

ጋራዡ ውስጥ ግን አይገቡም... በር ላይ አውርደውት ይመለሳሉ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ህዳር፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የምነግራችሁ «ጨልሞ ስለነበር መስሎህ ነው» እንዳትሉኝ ነው። ፀሐይ ነበር። ጎረቤቴ ብየዳ ይበይዳል፣ መንገዱ በቡና መኪና ተጨናንቋል፣ እኔ ደግሞ ምሳዬን በልቼ እጄን ታጥቤ መጣሁ።

ግቢው መሀል የታናሽ ወንድሜ የሳዲቅ መኪና ቆሟል።

ሳዲቅ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አምስት ዓመት ከእኔ ጋር ጋራዥ ሰራ፣ ከዚያ የሰው መኪና ነዳ። ያን ጊዜ ገና የራሱን መኪና መግዛቱ ነበር። የመጀመሪያ ስራም አግኝቶበታል። ብርሃኔ የምትባል የኮሌጅ መምህርት ስለ ጨው ታጠናለች። አፋር በረሃ ድረስ ወርዳ ከጨው ሜዳው ናሙና ለመሰብሰብ መኪናውን ከነሹፌሩ ለአስራ አምስት ቀን ያዘችው። ሰኞ ጠዋት ይነሳሉ።

ከጅማ እስከዚያ የሀገሩን ግማሽ ማቋረጥ ነው። እኛ ጭቃ እንጂ አሸዋ አናውቅም። ስለዚህ መኪናውን ማዘጋጀት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ሰራሁት። ራዲያተሩን አስጠረግኩ፣ የሞተሩን ቺንጋ ቀየርኩ፣ ፊልትሮዎቹን ቀየርኩ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ አዘጋጀሁ። አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ ከጎማው ስር የሚነጠፍ ብረት ቆርጬ አስበየድኩ። የውሃ ጀሪካን፣ የናፍጣ ጀሪካን፣ አካፋ፣ ገመድ፣ ድንኳን... ሁሉም ተራ ይዞ ግድግዳው ስር ተደርድሯል።

መኪናው አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። በአራቱም ጎማ በኩል ባሌስትራ አለው። ለማታውቁት፣ ባሌስትራ ማለት ተደራርበው የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙት ብረቶች ናቸው። የእኔ ሙያ እሱ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሌላ ነገር አልሰራሁም።

እኔ የምለካው በጣቴ ነው። ከጎማው አናት ከላዩ እስካለው ቆርቆሮ፣ እስከ ፓራፋንጎው ድረስ ስንት ጣት እንደሚገባ አያለሁ። መኪናው ባዶ ከሆነ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት።

ለካሁ።

የኋላው ቀኝ ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል።

ባዶ ነው እኮ... አንድም ዕቃ አልጫንኩበትም።

ባሌስትራው ደክሞ ይሆናል ብዬ ፈታሁት። ደህና ነው። ስንጥቅ የለው፣ የላላ የለው። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አድርጌ ገጠምኩ። ብረቱ ከደከመ አሁን የሚያዘምመው ወደ ግራ ነው።

መኪናውን ካነሳሁበት ክሪክ አወረድኩት።

ወደ ቀኝ... ሁለት ጣት።

ደሜ ፈላ። ፈራሁ እንዳትሉኝ፣ አልፈራሁም። ተናደድኩ። ብረት አታሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሳዲቅ ስንቅ ሊገዛ ሲወጣ መኪናውን ይዤ በአጋሮ መውጫ ወደሚገኝ አንድ የቡና መጋዘን ሄድኩ። የመሬት ሚዛን አላቸው። መዛኙ ጋሽ አብደላ ያውቁኛል። ሊብሬው ላይ የመኪናው ባዶ ክብደት ተጽፏል፤ ከእሱ ጋር ላስተያየው ነው።

ሚዛኑ ላይ አቆምኩት። ወርጄ ራቅ አልኩ።

ጋሽ አብደላ በመስኮታቸው በኩል ቁጥሩን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ሰውየውን አውርደው።»

«የቱን ሰውዬ?»

«ኋላ ያለውን። ሜ ቡኢ በለው፣ ይውረድ። ሰልፍ አለ።»

የቡና መኪና ሲመዘን ሰው ውስጥ ከተደበቀ የሰውየው ኪሎ ቡና ሆኖ ይቆጠራል። ጋሽ አብደላ ሠላሳ ዓመት ይህን ዓይነት አታላይ ሲያባርሩ ነው የኖሩት። ሌባ አድርገው ነው ያዩኝ።

«ጋሽ አብደላ፣ ብቻዬን ነኝ። እኔም ይኸው ወርጃለሁ። የሚመዘን ነገርም አልጫንኩም።»

«ስልሳ ኪሎ ትርፍ አለው። ስልሳ ኪሎ ሰው ነው።»

«ሚዛንዎ ተበላሽቶ ይሆናል።»

እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ከክፍላቸው ወጡ። በሩን ራሳቸው ከፍተው ውስጡን አዩ። ከኋላው ወንበር ስር አዩ። ከዚያ እጃቸውን መቀመጫው ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ አሳረፉ።

ወዲያው መልሰው አነሱት።

«አዑዙ ቢላህ...» አሉ ቀስ ብለው።

«ምንድን ነው?»

«ከዚህ ውሰደው። ሁለተኛ እንዳታመጣብኝ።»

«ምን ሆነው ነው?»

«ውሰደው አልኩህ ሀምዳን።»

ከኋላዬ ያሉት የቡና ሹፌሮች ጥሩንባ ይነፋሉ። ተናድጄ አስነስቼ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስሳደብ ነው የመጣሁት።

እስቲ አሁን ስሙኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን በጋራዤ ታሪክ ተንጋዶ የወጣ መኪና የለም። ኪሎውን ከየትም ያምጣው፣ ማቃናት የእኔ ስራ ነው አልኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ይኸው ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በቀኙ ባሌስትራ ላይ አንድ ብረት ጨመርኩ።

መኪናው ቀጥ አለ። ግራና ቀኙ እኩል፣ ውሃ ልክ ቢቀመጥበት የማይዛነፍ። ሲነዳ ይንቋቋ የነበረው ጎን እንኳ ዝም አለ። ሳዲቅ መጥቶ ዞሮ ዞሮ አየው።

«በዚህ በኩልማ አንደኛ ነህ» አለኝ።

ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል።

ዓርብ ዕለት ዕቃ መጫን ጀመርን። ድንኳኑን፣ ብርድ ልብሶቹን፣ የብርሃኔን የናሙና ሳጥኖች ከኋላው ወንበር ላይ፣ በቀኝ በኩል ደረደርን። ምሳ በልተን ስንመለስ...

ዕቃው ሁሉ በግራ በኩል ነው።

የተወረወረ አይደለም። ተራ ይዞ፣ ሳጥን በሳጥን ላይ ተደርድሯል። የቀኙ መቀመጫ ባዶ ሆኗል።

«ምን ብለህ አነሳህብኝ?» አለኝ ሳዲቅ።

«እኔ ከአንተ ጋር ምሳ ላይ አልነበርኩም እንዴ?»

«አንተ ካላደረግከው ማን ያደርገዋል? ሁሌ የእኔን ስራ ሳታፈርስ አታድርም።»

ተጨቃጨቅን። መልሶ ወደ ቀኝ ደረደረው። ቅዳሜ ጠዋት ስንከፍተው ሁሉም ወደ ግራ ዞሯል። ማታ የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ቁልፉም ያደረው በኪሴ ነው። ሳዲቅ አላመነኝም። ዕቃውንም በግራ እንዳለ ተወው።

ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ሳዲቅ ትርፍ ጎማዎቹን ሊያስነፋ ወጣ። እኔ ግራሶ ልሞላ መኪናው ስር ገባሁ።

በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ባሌስትራው ከፊቴ አንድ ክንድ ይርቃል።

ቂ...ው አለ።

ብረቱ አንድ ጣት ወረደ። ተመልሶ ወጣ። እንደገና ወረደ።

ይህን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ወደ ፊት ሲያጎነብስና መልሶ ሲደገፍ ባሌስትራ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው።

«ሳዲቅ?» አልኩ።



ከዚያ... ከግንባሬ በላይ፣ በመኪናው ወለል ላይ፣ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ኳ። ኳ። ኳ።

ወደ ግራ ተንፏቀቅኩ። ማንኳኳቱም ወደ ግራ መጣ። ቆምኩ። እሱም ቆመ። እግሬን ሳብኩ...

ኳ።

ልክ ከእግሬ በላይ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ጀርባዬ ተልጦ ነው የወጣሁት። በሩን በርግጄ ከፈትኩት። ማንም የለም። የቀኙ መቀመጫ ግን መሀሉ ጎድጉዷል። ቆሜ እያየሁት ጉድጓዱ አልሞላም።

ያን ጊዜ ፈራሁ። አልደብቃችሁም።

እሁድ ጠዋት በቾ ቦሬ ሰፈር ሄድኩ። መኪናውን የሸጠልን አብተው የሚኖረው እዚያ ነው። ስድስት ዓመት ሰሜን ሰርቶበት ነው ወደ ጅማ የመጣው። የግቢውን በር ፊቱ ብቻ እስኪታይ ድረስ ከፈተልኝ።

«ሸጥኩ፣ አለቀ» አለኝ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ።

«ልመልስ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።»

«አትጠይቀኝ።»

በሩን ሊዘጋው ነው።

«የኋላው ቀኝ...» አልኩ።

እጁ ቆመ።

«ምን አደረግከው?»

«ተንጋዶ ነበር። ብረት ጨምሬ አቃናሁት።»

ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ጠፋ። የተተካው ነገር ይብስ ነበር። ወደ ኋላው ዞር ብሎ ግቢውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ስድስት ዓመት ተንጋዶ ነው የነዳሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጎማ እየበላብኝ፣ ወገቤን እያመመኝ። ለምን ይመስልሃል?»

«ለምን?»

«እንዳይመቸው ነዋ።»

«ማን?»

በሩን መልሶ ገፋ አደረገው።

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«ብነግራችሁ ትገዙኝ ነበር?»

በሩን ዘጋው። የብረት መወርወሪያውን ሲያስገባ ሰማሁ። ከዚያ ከበሩ ኋላ፣ በጣም ቀርቦ፣ በሹክሹክታ...

«አውጣው። የጨመርከውን ብረት ዛሬውኑ አውጣው።»

በሩጫ ነው የተመለስኩት። መኪናውን በክሪክ አነሳሁ፣ የኋላውን ቀኝ ጎማ አወጣሁ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ። ባሌስትራውን መሬት ላይ በትኜ ሳለሁ ሳዲቅ ደረሰ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ጋሽ አብደላ፣ ስለ ማንኳኳቱ፣ ስለ አብተው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ነገ እንደምሄድ ታውቃለህ።»

«አትሄድም። በዚህ መኪና አትሄድም።»

«ቀንተህ ነው።»

«ሳዲቅ...»

«ቀንተህ ነው። አምስት ዓመት ስር ስርህ ስል ደህና ነበርኩ። የራሴን ስይዝ አመመህ። ጂን ነው፣ ምንድን ነው እያልክ ስራዬን ልታፈርስ።»

ብረቱን ከእጄ ሊነጥቅ መጣ፤ ገፈተርኩት። በጥፊ መታኝ። እኔ ታላቁ ነኝ፣ በሕይወቱ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። እኔም መታሁት። ጎረቤቶች ገብተው ገላገሉን። አፉ እየደማ ወጥቶ ሄደ።

ሲመለስ ከመንገዱ ማዶ ያለውን መካኒክ ኩመራን ይዞ ነው። ኩመራና እኔ አንነጋገርም። በአንድ ሰዓት ውስጥ እኔው በጨመርኩት ብረት፣ እኔው በለካሁት ልክ መልሶ ገጠመው። እየሰራም ያፏጭ ነበር።

ቤት ሄጄ እናቴን ዘይቡን ለመንኳት። «እባክሽ አንቺ ተናገሪው፣ አንቺን ይሰማል» አልኳት።

«የልጁን እንጀራ አትዝጋበት» አለችኝ። «ዱዓ አድርጌለታለሁ። ተወው።»

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከእናቴ ቤት ተነሱ። ሳዲቅ ሊሰናበተኝ አልመጣም። እኔ ነኝ እናቴ በር ላይ ሄጄ የቆምኩት። ብርሃኔ ጋቢና ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ቀጭን፣ ፈገግታዋ ቶሎ የሚመጣ ልጅ ናት።

«ሳዲቅ» አለችው፣ «ኋላ ያለውን ዕቃ ትንሽ ሳብልኝ። ጀርባዬን እየገፋኝ ነው።»

ከኋላዋ ዕቃ የለም። ዕቃው ሁሉ በግራ ነው።

«መምህርት፣ ውረጂ» አልኳት።

ሳዲቅ መስኮቷን ዘጋው። ሄዱ። መኪናው እስከ መታጠፊያው ድረስ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው።

ማክሰኞ ለእናቴ ደወለላት፤ ደህና ናቸው። ረቡዕም ደወለላት። ለእኔ አልደወለም።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ።

«ሀምዳን...»

ሹክሹክታ ነው። ድምፁን ለመለየት እንኳ ቸገረኝ።

«ሳዲቅ? የት ደረሳችሁ?»

«ቀስ ብለህ አውራ። ይሰማል።»

«ማን?»

«ኋላ ያለው ሰውዬ።»

በቆምኩበት ተቀመጥኩ። 

«መቼ መጣ?»

«አላውቅም። ጠዋት በመስታወት ሳይ ተቀምጧል። ብርሃኔ ማነህ አለችው።»

«ምን አለ?»

«ቦታዬን ሀምዳን ነው ያቃናልኝ አለ።»

«ሳዲቅ፣ መኪናውን አቁም።»

«ቆሟል። ከቆመ ቆየ። ዙሪያው ጨው ነው። መንገዱ አይታየኝም።»

«ስማኝ። አሁኑኑ ውረዱ። ሁለታችሁም። ወርዳችሁ ሩጡ።»

ብርሃኔ በቀስታ ስታለቅስ ይሰማኛል።

«እሱም እንደሱ ነው የሚለው» አለ ሳዲቅ።

«ምን?»

«ውረዱ ይለናል። ቀስ ብሎ... ደጋግሞ። ከጠዋት ጀምሮ ውረዱ ነው የሚለው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጠበቅኩ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ። «ሀምዳን፣ አንተ ንገረኝ። እንዳልከኝ አደርጋለሁ።»

ይህ ልጅ በሕይወቱ ምን ላድርግ ብሎኝ አያውቅም። ብረት እንዴት እንደሚቀጠቀጥ ሳሳየው እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን የጠየቀኝ እኔም በማላውቀው ነገር ነው። አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ነበረኝ። ያ ነገር ውረዱ ካለ መውረድ መጥፎ ነው ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

«አትውረዱ» አልኩት። «በሩን ቆልፉ። እኔ እስክመጣ ድረስ ከወንበርህ እንዳትነሳ።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«ወላሂ። አልወርድም።»

ስልኩ ተቋረጠ።

በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ታዘዘኝ።

በዚያው ቀን ተነሳሁ። ሰመራ ደርሼ አስራ አንድ ቀን ከፈላጊዎቹ ጋር ተንከራተትኩ። መኪናውን ያገኙት ጨው የሚጭኑ ሰዎች ናቸው። ጠፍጣፋው ሜዳ መሀል ቆሟል። አራቱም በሮች ከውስጥ ተቆልፈዋል። ቁልፉ ማስነሻው ላይ ነው። ውሃው አለ፣ ናፍጣው አለ፣ የሳዲቅ ስልክ መሪው ፊት ተቀምጧል። የፊቶቹ ሁለት ቀበቶዎች እንደታሰሩ ናቸው...

ሰው ግን የለበትም።

በዙሪያው የእግር ዱካ አልነበረም። ጨው ላይ ዱካ ይቆያል፤ እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ነግረውኛል።

ፍለጋው ሲቆም ወደ ጅማ ተመለስኩ። ጎረቤት ድንኳን ሊተክል ተሰበሰበ። እናቴ በር ላይ ቆማ ሁሉንም መለሰቻቸው።

«አስከሬን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም» አለች።

ኢማሙ አስከሬኑ በሌለበት እንስገድለት አሏት። እምቢ አለች። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ እኔ ዞረች።

«አትውረድ ያልከው አንተ ነህ። አንተው አምጣው።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ፊቴን ግን አታይም።

መኪናው በጭነት መኪና ተጭኖ ጅማ የደረሰው ጥር ላይ ነው። ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ። ያወረዱት ሰዎች ግቢዬ መሀል አቁመውት ሄዱ። ዕቃው ሁሉ እዚያው ሰሜን ወርዶ በሌላ መኪና መጥቷል። ባዶውን ነው የመጣው።

ልቀርበው አልፈለግኩም። ከበሩ ቆሜ አየሁት።

አቋቋሙ ልክ አይደለም።

አሥራ ስምንት ዓመት የሰራ ዓይን ዝም አይልም። ሄጄ ጣቴን ከጎማው በላይ አስገባሁ።

የኋላው ግራ ደህና ነው። የኋላው ቀኝ ሁለት ጣት ወርዷል። የእኔን ብረት እንኳ ተጭኖታል።

ወደ ፊት ሄድኩ።

የፊቱ ቀኝ... አንድ ጣት ተኩል። ብርሃኔ ቀጭን ነበረች።

የፊቱ ግራ... ሁለት ጣት ተኩል።

የሳዲቅን ኪሎ አውቀዋለሁ። አምስት ዓመት ባሌስትራ ገጥሜ ስጨርስ «ግባና ተቀመጥ» እለው ነበር፣ ለመለካት። ሁለት ጣት ተኩል ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጎማውን አቅፌ አለቀስኩ። ሰው ያያል አላልኩም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ተነስቼ የሹፌሩን በር ከፈትኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ቀበቶው አሁንም ታስሯል። ፈታሁለት።

«ሳዲቅ» አልኩ። «እኔ ነኝ። ሀምዳን ነኝ።»

ወደ ወንበሩ ጠጋ አልኩ።

«ደርሰሃል። ጅማ ነው ያለኸው። የማልክልኝን ጠብቀሃል፣ አሁን አበቃ። ውረድ። እማዬ እየጠበቀችህ ነው። ውረድ ወንድሜ...»

ዓይኔን የፊቱ ግራ ጎማ ላይ ተከልኩ። መኪናው በዚያ በኩል ትንሽ ከፍ ቢል፣ የጣት ግማሽ እንኳ ከፍ ቢል ይበቃኝ ነበር።

ቂ...ው አለ።

 ጎማውን አየሁ። አልተንቀሳቀሰም።

ድምፁ የመጣው ከኋላ ነው።

የኋላው ቀኝ ቀስ እያለ ከፍ አለ። አንድ ጣት... ሁለት ጣት። በሩ ሳይከፈት። ከዚያ መኪናው ትንሽ ተወዛውዞ ጸጥ አለ።

የብርሃኔ ጎን እንደተጫነ ነው። የሳዲቅም እንደተጫነ ነው።

ከጀርባዬ፣ ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ እንጨት ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው ተንቋቋ።

ዞር አላልኩም። በሩን እንደያዝኩ፣ ዓይኔን ከፊቱ ግራ ጎማ ሳላነሳ፣ ወንድሜ እስኪወርድ ቆሜ ጠበቅኩ።